የአገር ሕግ ወረዳችሁ ድረስ እንዲወርድ እንዴት ይደረጋል? ከኮራል ሪፍ እስከ ቀበና ወንዝ

ፊሊፒንስ ውስጥ ሱሚሎን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋ ኮራል ሪፍ ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከኖራ የሚገነቡት ቋጥኝ። እንዲህ ያለው ሪፍ ከባሕር ወለል አንድ በመቶውን እንኳ አይሸፍንም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ኑሯቸው ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የኦስሎብ ማዘጋጃ ቤት ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ከደሴቷ ሪፍ አንዱን ክፍል ዓሣ እንዳይጠመድበት ዘጋው። አስር ዓመት ያህል ተጠበቀ። በ1984 የአካባቢው አስተዳደር ሐሳቡን ቀየረ፤ ጥበቃው ላላ፣ መረብና ፈንጂ ገባ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ አጥማጆቹ የሚያገኙት ዓሣ ወደ ግማሽ ወረደ። ተጎጂዎቹም እነዚያው አጥማጆች ነበሩ።

አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ኮራል ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ባሕር የለንም። ቀበናና ግንፍሌ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ከወንዞቻችን የወጣ ፌስታል የቀይ ባሕርን ኮራል አይነካም። የእኛ ቆሻሻ የሚመለሰው ወደ ገዛ ሰሃናችን ነው፤ አቃቂ ዳር በወንዙ ውሃ የሚለማውን ቆስጣና ሰላጣ የምንበላው እኛው ነን።

የሚያገባን ሌላ ነገር ነው። ኮራል ያላቸው አገሮች ብዙ ሞክረው የገባቸው ነገር አለ። ዋና ከተማ ላይ የወጣ ሕግ የሚሠራው ከሁሉ በታች ያለው ቢሮ ሲቀበለው ብቻ ነው። እነሱ ጋ ያ ቢሮ የባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤት ነው። እኛ ጋ ወረዳ ነው። ስለዚህ ቀበናን ምሳሌ አድርገን፣ አንድ የአራዳ ወይም የቂርቆስ ነዋሪ ወረዳውን ከአገር ሕግ ጎን እንዴት ማቆም እንደሚችል እንይ።

ሕጉን በእጃችሁ ያዙ

ከወሬ አትነሱ። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሂዱና ነጋሪት ጋዜጣውን ግዙ። ዋጋው ከሁለት ማኪያቶ ብዙም አይርቅም። የሚያስፈልጋችሁ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ይባላል። ስትገዙ "የተሻሻለ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዋጅ ይሻሻላል፣ አሮጌ ጠቅሶ መሄድ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያስቃል።

ሦስት ቦታ አስምሩ። አንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደር ቆሻሻ የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና በአግባቡ የማስወገድ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 8 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሳይዝ ማንኛውም ግቢ መግባት እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 11 የእናንተ ነው። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካውም፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። "አንተ ማን ነህ? ቤትህ እዚያ ነው?" ለሚላችሁ መልሱ ይኸው አንቀጽ ነው።

ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። ከዚህ በታች ደግሞ የከተማው ደንብ አለ፤ አዲስ አበባ በ2017 የወንዝ ዳርቻ ልማትና የብክለት መከላከል ደንብ አውጥታለች። በዚያው ዓመት ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። ሁሉንም መሸከም አያስፈልግም። አንድ ሕግ፣ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ችግር ይበቃል።

የማን ሥልጣን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጊዜውን ያቃጥላል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ዌስት የምትባል ከተማ አለች። ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ለመከልከል ወሰነ። በ2020 የፍሎሪዳ ግዛት ከተሞች እንዲህ ያለ ክልከላ ማውጣት አይችሉም የሚል ሕግ አወጣና ውሳኔው ቀረ። ሐዋይ ግን ክልከላውን በግዛት ደረጃ በ2018 አወጣችው፤ ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ልፋቱ አንድ ዓይነት ነው፣ የተንኳኳው በር ግን ለየቅል ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ፣ ፍሳሽ የሚለቅ ድርጅትን መመርመርና መቅጣት በዋናነት የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ ነው። ወረዳው ፋብሪካ አይዘጋም። ግን ቱቦው የት እንደተቀበረ የሚያውቀው ወረዳው ነው። ደንብ አስከባሪዎቹ በየቀኑ በዚያ ያልፋሉ፣ ጽዳት ጽሕፈት ቤቱ ገንዳ የት እንደሚቀመጥ ይወስናል፣ የነዋሪ ስብሰባ የሚጠራውም ወረዳው ነው። ወረዳውን "ቅጡልን" አትበሉት። "እዩልን፣ ጻፉልን፣ ጥሩልን" በሉት።

ማስረጃ ሰብስቡ

ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም፤ ናሙና መውሰድ የተቆጣጣሪው ሥራ ነው። እናንተ የምትይዙት ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና ፎቶ ነው። ከየትኛው ግቢ ይወጣል? ላቫጆ ነው? የተቃጠለ ዘይት የሚደፋ ጋራዥ ነው? ወይስ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከዝናብ ውሃ ቱቦ ጋር አገናኝቶ የተኛ ሕንፃ?

ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል። ክረምት ላይ ወንዙ ይሞላል፣ ቆሻሻውን ያቀጥነዋል፣ ማን ምን እንደለቀቀ አይታይም። ደግሞም ልብ በሉ፦ በዚህ በመሀል ከተማ ኤምባሲው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የትየለሌ ነው። እነሱ አጠገብ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አታንሱ። የወንዙ ነገር ቀርቶ የእናንተ ጉዳይ ይጀመራል።

ወረዳው እሺ ሊል የሚችለውን ጠይቁ

ይህ ዋናው ነው። ወደ ሱሚሎን ጎረቤት እንሂድ። አፖ የምትባል ሌላ ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1982 ከዚያው ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ከሪፋቸው ትንሽ ቁራጭ ለመዝጋት ተስማሙ። ሙሉውን ባሕር አላሉም። የዳዊን ማዘጋጃ ቤት በ1985 በደንብ አጸደቀላቸው። ጠባቂዎቹም ራሳቸው ነዋሪዎቹ ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ያደረገው ለስምምነቱ ማህተም መስጠት ነው ማለት ይቻላል። አፖ እስከ ዛሬ በየአገሩ በምሳሌነት ትጠቀሳለች።

የፊሊፒንስ ሕግም መንገዱን ከፍቶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግና በ1998 የወጣው የዓሣ ሀብት ሕግ ከባሕር ዳርቻ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለውን ውሃ ለማዘጋጃ ቤቶች አስረክበዋል። በፈንጂና ሳያናይድ በሚባል መርዝ ማጥመድን የሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ ነው፤ ጀልባ ይዞ የሚያድረው ግን ባንታይ ዳጋት የሚባለው የመንደር ጠባቂ ነው። በተቃራኒው አፖ በ1994 በብሔራዊ ደረጃ ጥብቅ ቦታ ስትባልና አስተዳደሯ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ነዋሪዎቹ ከውሳኔ ተገፋን ብለው አማርረዋል። ሕግ ከላይ ብቻ ሲያዝ ባለቤቱ ይርቃል።

ስለዚህ ወረዳው ፊት "ቀበና ይጽዳ" ብላችሁ አትቅረቡ። ሥራ አስፈጻሚው "እናመሰግናለን፣ በዕቅድ ይያዛል" ይላችኋል፣ በቃ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት፣ በአንድ ፊርማ ሊሆን የሚችል ነገር ያዙ። ለምሳሌ ከድልድዩ እስከ ድልድዩ ባለው አንድ ክፍል ወንዝ ዳር ያሉ ላቫጆዎችና ጋራዦች ተመዝግበው ዝርዝሩ ለከተማው ባለሥልጣን ይላክ። ወይም ደንብ አስከባሪዎች በዚያ ክፍል ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ምሽት ይዙሩ። ወይም ነዋሪ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ የሚጥለው ገንዳ ሩቅ ስለሆነ ከሆነ፣ ገንዳው ይጠጋ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከፖስተርና ከዘመቻ ሁሉ በላይ የሚሠራው እሱ ነው።

እድራችሁን አስገቡበት። የእድር ዳኛ ወረዳ ሲገባ ወንበር ይሳብለታል። ወጣት ሆናችሁ ብቻችሁን ከሄዳችሁ "ነገ ተመለሱ" ትባላላችሁ። ጋሽ እገሌን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቢያንስ ትደመጣላችሁ። ደስ አይልም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

የላቫጆው ባለቤትም ሰው ነው። ስሙን ደብዳቤ ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ሄዳችሁ አናግሩት። ብዙዎቹ የዘይት ማጣሪያ ጉድጓድ ሠርተው መቀጠል ይመርጣሉ፣ ከመታሸግ ይሻላቸዋል።

ደብዳቤውን ጻፉ

አጭር ይሁን። አንድ ገጽ ካለፈ አይነበብም። ሐተታ፣ ምሬትና የመንግሥት ወቀሳ አታስገቡ። ይህን መነሻ አድርጉት፦

ቀን ________
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወደ ቀበና ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ እንዲመረመርና እንዲቆም ስለመጠየቅ

ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የአራዳ ክፍለ ከተማ ወረዳ ___ ነዋሪዎች ነን። ከ________ ግቢ የሚወጣ ፍሳሽ ከ________ ቀን ጀምሮ በቀጥታ ወደ ወንዙ ሲለቀቅ ተመልክተናል። ፎቶና የቀን ዝርዝር አባሪ አድርገናል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ይህን አቤቱታ ስናቀርብ፣ ቦታው በተቆጣጣሪ እንዲታይና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወረዳ ___ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
ለወረዳ ___ ምክር ቤት

ደብዳቤው ለከተማው ባለሥልጣን፣ ግልባጩ ለወረዳው መሆኑን ተመልከቱ። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ሰዓቱን አስጀምሩ

መዝገብ ቤት ስትገቡ ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን ይቀበላሉ፣ ሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግላችሁ። ማህተም የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ነው። "አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እሳቸው ሳያዩት አንቀበልም" ቢሏችሁ፣ ደብዳቤ መቀበል የመዝገብ ቤት ሥራ እንጂ የአለቃ ፈቃድ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱ። በትሕትና ያልኩት አውቄ ነው፤ የመዝገብ ቤቷን እህት ያስቀየመ ሰው ፋይሉን ሁለተኛ አያገኘውም።

ከዚያች ማህተም ጀምሮ 30 ቀን ይቆጠራል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ይህ ሰዓት የሚቆጥረው አቤቱታው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ነው። ለወረዳው ብቻ የገባ ደብዳቤ ስድስት ወር ቢተኛ እንኳ ይህን መብት አያመጣላችሁም። ለወረዳው የሚሄደው ግልባጭ ጉልበቱ ሌላ ነው፤ ከላይ ጥያቄ ሲመጣ "አልሰማንም" ማለት አይችሉም።

ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ የምትከሱትን አስተውሉ። ከዓመታት በፊት አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለ ድርጅት በአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። አንቀጽ 11 የሚናገረው ጉዳት ስላደረሰው ሰው ነው። ስለዚህ በካዩን ነጥላችሁ ማወቅ አለባችሁ። ቅድም ስለ ግቢና ስለ ቱቦ ያልኩት ለዚህ ነው። ጠበቃ ማማከሩም እዚህ ላይ ይጠቅማል።

መረጃ ከከለከሏችሁ፣ ለምሳሌ የምርመራ ውጤቱን አናሳይም ካሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነቱ አስገቡ። እምቢታ ከቀጠለ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ምክር ቤቱ ጋ በወቅቱ ድረሱ

የወረዳ ምክር ቤት አባላትን ብዙ ሰው አያውቃቸውም። እነሱም ጥያቄ የሚያቀርብላቸው ሰው እምብዛም የላቸውም፣ ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዳ፣ የምሽት ቁጥጥር ወይም የቱቦ ጥገና ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዕቅዱ ሳይዘጋ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጥያቄያችሁ ጠረጴዛቸው ላይ መሆን አለበት። ሰኔ ላይ የመጣ ጥያቄ "ለሚቀጥለው ዓመት" ይባላል።

የምትጠይቁት ቃለ ጉባኤ ነው። "ወረዳው አዋጅ 300/1995ንና የከተማውን ደንብ በዚህ የወንዝ ክፍል ለማስፈጸም በየሦስት ወሩ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሰብሳቢ ይቀየራል፣ ሥራ አስፈጻሚ ይዛወራል፤ ሱሚሎን ላይም ጥበቃው የላላው የአስተዳደሩ ሐሳብ ሲቀየር ነው። ቃለ ጉባኤ ካለ አዲሱን ኃላፊ ከዜሮ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ጠይቃችሁ ከማህተም ካለው ደብዳቤ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ ሌላ ቅጂ የእድሩ ጸሐፊ ጋ ይቀመጥ።