በሴቶች የቅድመ ምርመራ ጉዳይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመጀመሪያውና ለሌሎቹም ሥር የሆነው ስህተት «ሲያመኝ እመረመራለሁ» የሚለው ነው። ቅድመ ምርመራ የሚደረገው ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ነው። የማህፀን በር ካንሰርን ብንወስድ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፈው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ የበሽታ መከላከል አቅሟ ባልተዳከመ ሴት ላይ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የተለወጡት ሕዋሳት ሕመም ባያስከትሉም በምርመራ ይገኛሉ፤ ካንሰር ከመሆናቸው በፊትም በቀላል ሕክምና ይወገዳሉ። ደም መታየት ከጀመረ በኋላ ግን ይህ ዕድል ያመለጠ ሊሆን ይችላል።

ብዙም የማይነገርለት ተቃራኒው ስህተት፣ ምልክት የታየባት ሴት የመደበኛ ቀጠሮዋን መጠበቋ ወይም «ባለፈው ዓመት ነጻ ነሽ ተብያለሁ» ብላ መዘናጋቷ ነው። በጡት ላይ የወጣ አዲስ እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም ካረጡ በኋላ የሚታይ መድማት፣ የቀድሞ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

የማህፀን በር ካንሰር ክትባት የወሰደች ሴት ምርመራ አያስፈልጋትም ማለትም ትክክል አይደለም፤ ክትባቱ ለካንሰር የሚዳርጉትን የቫይረሱን ዓይነቶች ሁሉ አይሸፍንም። በሌላ በኩል ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል።

ከማህፀን በር የሚወሰደው ናሙና ስለ እንቁልጢ (የሴቷን እንቁላል ስለሚያመነጨው አካል) እንደሚናገር መገመት ሌላው ስህተት ነው። ምልክትም የዘር ተጋላጭነትም ለሌላቸው ሴቶች የሚመከር የእንቁልጢ ካንሰር ቅድመ ምርመራ የለም፤ ስለዚህ «ሙሉ ምርመራ» በሚል ስም በሚቀርብ ጥቅል ውስጥ ይህን ያየች ሴት ለምን እንደተካተተ ብትጠይቅ መልካም ነው።

ምርመራ በቶሎ በተጀመረና በተደጋገመ ቁጥር ይጠቅማል የሚለው እምነት፣ በእኔ አመለካከት፣ ከቸልተኝነት ባልተናነሰ ሊታረም ይገባዋል፤ ያለ ዕድሜው የሚደረግ ምርመራ በራሱ ይድን የነበረን ለውጥ አግኝቶ ለአላስፈላጊ ሕክምና ይዳርጋልና። የዓለም ጤና ድርጅት የማህፀን በር ምርመራ ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ በቫይረስ ምርመራ ከሆነ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ እንዲደረግ ይመክራል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ግን ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ነው። የጡት ራጅን (ማሞግራፊን) ደግሞ አገልግሎቱ በደንብ በተደራጀበት ቦታ ከ50 እስከ 69 ዓመት ላሉ ሴቶች በየ2 ዓመቱ ይመክራል፤ ከ40 ዓመት የሚያስጀምሩ አገሮችም አሉ። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ካንሰር የተያዘች ሴት ግን መቼ እንደምትጀምር ከሐኪሟ ጋር ቀደም ብላ ትወስን።

በእርግዝና ጊዜ የታየ የስኳር በሽታ ከወሊድ ጋር አብሮ ያበቃል ብሎ መርሳትም የተለመደ ነው። እናቲቱ ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር፣ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ከዚያ በኋላ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መታየት ይኖርባታል። በእርግዝና ወቅት የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የነበረችም በኋለኛው ዕድሜዋ ለልብ ሕመም ይበልጥ ስለምትጋለጥ ግፊቷን በየጊዜው መለካት አለባት።

ካረጡ በኋላ ምርመራ አበቃ ማለትም አያስኬድም፤ የአንጀት ካንሰር ምርመራ እንደየአገሩ መመሪያ ከ45 ወይም ከ50 ዓመት ይጀምራል፣ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም ከ65 ዓመት ጀምሮ ይመከራል።

በመጨረሻም ናሙና ሰጥቶ ውጤቱን ሳይቀበሉ መቅረት አለ። ዝምታን እንደ መልካም ውጤት ከመቁጠር፣ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ጠይቆ መሄድና ወረቀቱን ለቀጣዩ ሐኪም ማስቀመጥ ይሻላል።