የትንሿ ቡችላ ተቅማጥ እንዴት ቆመ

የ2 ወር ቡችላ ናት፣ 1 ኪሎ አትሞላም። አዲስ ቤት በገባች ማግስት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዛት፤ ግን ትጫወታለች፣ አታስመልስም። ምክንያቱ የላም ወተት ነበር፤ በውስጡ ያለው ላክቶስ የሚባል ስኳር ለቡችላ አንጀት ይከብዳል።

ወተቱ ወዲያው ቀረ። ምግብ ከልክሎ ማሳደር ለትልቅ ውሻ ቢሆን እንጂ ለዚህች አይሆንም፤ የደሟ ስኳር ቶሎ ይወርድና ትዝለፈለፋለች። ስለዚህ የዶሮ ፈረሰኛ ያለ ቆዳ፣ ያለ ጨውና ያለ ዘይት ተቀቅሎ ደቀቀ፤ 1 እጅ ዶሮ፣ 2 እጅ በጣም የበሰለ ሩዝ። ለብ እንዳለ በየ3 ሰዓቱ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ሌሊትም ጭምር፤ ሲስማማት 2። የወጥ ትራፊ ግን አይሞከርም፣ ሽንኩርቱ ለውሻ መርዝ ነው። ውሃ ሁሌ አጠገቧ። ሰገራዋ ሲጠጥር የቀድሞ ምግቧ ሩብ ሩብ እየተጨመረ በ4 ቀን ተመለሰ። የወስፋት መድኃኒቱን ሐኪም በክብደቷ ለክቶ ሰጣት። የሰው ተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን በፍጹም!

አደጋ ላይ መሆኗን ለማወቅ ድዷን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ፣ ደም ከታየ፣ ካስመለሳት ወይም አልበላ ካለች ፓርቮ የሚባለው ቡችላን የሚገድል የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም። ከዛለች፣ መንገድ ላይ ድዷን ጥቂት ማር መቀባት።