ቤት ገዝታችሁ ተከራዩ አልወጣም ሲል

አዳማ ደምበላ ያለውን ቤቴን ስገዛ ሻጩ «ተከራይዋ በወር ውስጥ ትወጣለች» አለኝ፤ አመንኩት። ስም አዛውሬ ግቢው ስገባ ሰርቪሱ በር ላይ ከሰል ተቀጣጥሏል፣ ሁለት ልጆች ደጃፉ ላይ ደብተር ዘርግተዋል። እናታቸው ከሻንጣ ስር ወረቀት አወጣች። «እትዬ፣ እኔ እኮ የሁለት ዓመት ውል አለኝ።»

መጀመሪያ ያንን ወረቀት አንብቡ። ተከራይ ገብቶ እየኖረ ቤቱ ቢሸጥ ውሉ በዚያ ብቻ አይፈርስም፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ገዢው በአከራዩ ቦታ ይተካል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ቤቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም ለተከራዩ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ፣ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወንድሜ «መብራቱን ቁረጪ፣ ቁልፉን ቀይሪ» ብሎኝ ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ተከራይዋ «ሁከት ይወገድልኝ» ብላ ብትከስ፣ ካርታ በእጃችሁ እያለ ተከሳሽ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ደግሞስ ልጆች በጨለማ ማሳደር ምን ይባላል?

ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁንና ኪራዩ በስማችሁ ባንክ እንዲገባ በጽሑፍ አሳውቁ። ሻጩ ቀድሞ የተቀበለው ኪራይ ካለ ከእሱ ጋር ተሳሰቡ። የልቀቁ ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ትፈርም። አልፈርምም ካለች ሁለት ምስክር ባለበት ስጡ።

ጊዜው አልፎ እምቢ ካለች ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱን በዚያው ቋንቋ አጽፉ፤ ካርታውን፣ የሽያጭና የኪራይ ውሉን፣ ማስጠንቀቂያውን አያይዙ። ብትረቱም በራሳችሁ ዕቃ አታውጡ፤ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍታችሁ ፍርድ ቤቱ ያስለቅቃል።

ገና ልትገዙ ከሆነ ግን ውሉ ላይ «ቤቱን ባዶ አድርጎ ያስረክባል» አስብሉ፤ ከዋጋው የተወሰነውንም እስከዚያ ያዙ። እኔ ይህንን ባለማድረጌ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኛ ፍርድ ቤት አልደረስንም። ትልቁ ልጅ ሰኔ ላይ የ8ኛ ክፍል ፈተና ነበረበት፤ እስከ ሐምሌ 5 እንድትቆይ ጎረቤት ባለበት ተፈራረምን። በዚያው ቀን ቁልፉን አስረከበችኝ፤ የመብራት ቆጣሪውን አብረን አንብበን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍን፣ ሁለታችንም ፈረምንበት።