ከበረራው በፊት ልኬቱ፦ የተማሪ ልውውጥን ለአካባቢ ጥበቃ ትምህርት እንዴት እንጠቀምበት?

ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ጋር ልውውጥ ሲታሰብ አካባቢ ጥበቃ ከፕሮግራሙ አይጠፋም። ጥሩ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነውን እናውቀዋለን፦ እንግዶቹ ይመጣሉ፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሸኛሉ፣ በቃ። ችግኙን ማን እንደሚያጠጣው የተነጋገረ የለም። ልጆቹ ጓደኛ አፍርተዋል፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ኃላፊነት ግን አልተማሩም። ልጅ ኃላፊነት የሚሰማው ራሱ ለክቶ ያወቀው፣ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችልና ነገ "የት አደረስከው?" ተብሎ የሚጠየቅበት ነገር ሲኖረው ነው። ስለዚህ ልውውጡን ከልኬት ጀምሩት፤ ጉዞው ይደርሳል።

አጋር ስትፈልጉ

ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው፣ ናሳ የሚመራው ግሎብ ፕሮግራም ከመቶ በላይ አገሮች ውስጥ አለ፤ ተማሪዎች ዝናብ፣ የአየር ሙቀት፣ ደመና፣ አፈርና ውሃ በአንድ ዓይነት ዘዴ እየለኩ ውጤቱን የጋራ የመረጃ ቋት ውስጥ ያስገባሉ። በዚያው ዓመት የተጀመረው ኢኮ ስኩልስ ደግሞ የተማሪዎች ኮሚቴ አቋቁሞ ትምህርት ቤቱን ራሱን ያስፈትሻል፤ የሠራ ትምህርት ቤት አረንጓዴ ባንዲራ ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያለው የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብም አለ። እኔን ከጠየቃችሁ ለጀማሪ ግሎብ ይሻላል፣ ምክንያቱም እንዴት እንደሚለካ ደረጃ በደረጃ ተጽፎ ተቀምጧል፣ በዘዴ መከራከር አይኖርም።

አጋር ስትመርጡ የትምህርት ቤቱን ስምና ሕንፃ ተዉት። ኢሜይል በጊዜው የሚመልስ መምህር ፈልጉ። ከዚያ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት መምህር መድቡ። አንዱ ሲዛወር ወይም ሲታመም የአንድ ዓመት ልፋት ውሃ እንዳይበላው።

አንድ ነገር ብቻ ለኩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። ውሃም፣ ቆሻሻም፣ መብራትም፣ አየርም ብላችሁ ከጀመራችሁ ሁሉም ግማሽ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። አንዱን ምረጡ። ስትመርጡም ልጆቹ አቅማቸው የሚደርስበት ይሁን። የበረዶ ግግር መቅለጥ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ግን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነገ ጠዋት ሄዶ የሚያስተካክለው አይደለም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግን ይችለዋል።

ቧንቧውን እንውሰድ። ልጆቹ መስመር ያለው የመለኪያ ኩባያ ከሥሩ ያስቀምጡና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። የተጠራቀመውን በ96 ያባዙት፤ በአንድ ቀን ውስጥ 96 ሩብ ሰዓት አለና። 200 ሚሊ ሊትር ከተገኘ በቀን ከ19 ሊትር በላይ ነው፣ በዓመት ደግሞ 7 ሺህ ሊትር ገደማ። ከአንድ ቧንቧ! ይህን ቁጥር መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቢጽፈው ማንም አያስታውሰውም። ራሱ ቁጢጥ ብሎ የለካ ልጅ ግን እያንዳንዱን ቧንቧ መቁጠር ይጀምራል፣ ቤቱም ሄዶ ይለካል።

ቆሻሻ ከመረጣችሁ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ መዝኑ። ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ የምግብ ትራፊ፣ ሌላ፤ አራት ክፍል ይበቃል። ጓንት ግድ ነው፣ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻና ስለት ያለው ነገር አይነካም። ድምሩን ለተማሪ ቁጥር ማካፈል እንዳትረሱ፣ አንዱ ትምህርት ቤት 300፣ ሌላው 2 ሺህ ተማሪ ሊኖረው ይችላልና። ዝናብ የመረጡ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር ያገኛሉ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 5 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ምን፣ መቼ፣ በማን፣ በምን መለኪያ እንደሚለካ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስማሙ። የእረፍት ጊዜያቸውንም ያመሳክሩ፤ አንዱ ጋ ክረምት ሲሆን ሌላው ጋ በጋ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ሲነጻጸር

የመጀመሪያው የቪዲዮ ውይይት ላይ አንድ ፈተና አለ፣ ወደ ውድድር መለወጥ። አታድርጉት። ትንሽ ቆሻሻ ያወጣ ትምህርት ቤት የበለጠ ጠንቃቃ ነው ማለት አይደለም፤ የሚገዛው ትንሽ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። በቀለም የተለዩ ቅርጫቶች የደረደረው ደግሞ ግቢው ያምራል፣ ግን በነፍስ ወከፍ ብዙ እጥፍ እያወጣ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እንዲደርሱበት ጥያቄ ስጧቸው። መኪናው ቆሻሻውን ጭኖ ከወጣ በኋላ የት ይወስደዋል? የምትጥሉትን ዕቃ ማን ሠራው? እኛ የማናደርገው እናንተ የምታደርጉት ምንድን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁለቱም ወገን መጠየቅ አለበት። አንዱ ሁልጊዜ አስተማሪ ሌላው ሁልጊዜ ተማሪ የሆነበት ልውውጥ ሁለቱንም ይጎዳል፤ አንዱን ያስታብያል፣ ሌላውን ያሸማቅቃል።

ጉዞው

ስለ አካባቢ ለመማር በአውሮፕላን መሄድ ራሱ ዋጋ አለው፣ ይህንን ከልጆቹ አትደብቁ። ረጅም የደርሶ መልስ በረራ ለአንድ መንገደኛ አንድ ቶንና ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ማንም የሚጠቀምበት ማስያ አለው፤ ልጆቹ የራሳቸውን መስመር አስገብተው ያስሉ። ከዚያ ይወስኑ፦ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ይደረሳል? ካልተደረሰ ለሦስት ቀን ከመሄድ ለምን ሦስት ሳምንት አይቆዩም? ለጉዞ ገንዘብ ከሌላችሁም አትዘኑ። ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ለክተው፣ አብረው ተነጋግረው ሳይገናኙ ቢጨርሱ ሙሉ ልውውጥ ነው፣ ጎዶሎ አይደለም።

የሚሄዱ ከሆነ ዘርና አፈር በስጦታ እንዳይዙ አደራ። ልጆች የአገራቸውን ዘር መስጠት ደስ ይላቸዋል፤ ግን የዕፅዋት በሽታና ተባይ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው፣ ብዙ አገሮችም ያለ ፈቃድ አያስገቡም። ፎቶና መረጃ ይበቃል። የወላጅ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ቪዛ ቀድሞ ማለቅ እንዳለበት አልነግራችሁም፤ የልጆችን ፎቶ መለጠፍም ፈቃድ እንደሚጠይቅ ግን አስታውሱ።

እንግዶቹ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ጠዋት ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ያሳልፉ። የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ክፍል መብራት ሳያጠፋ እንደሚወጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ከዚያ እንግዳና ባለቤት ጥንድ ጥንድ ሆነው አብረው ይለኩ፣ ውጤቱንም በአስተናጋጁ ትምህርት ቤት የልኬት መዝገብ ላይ ይጻፉ። ያረፉበት ቤት ሄደው ቤተሰቡን ስለ ውሃና መብራት እንዳይቆጣጠሩ ግን ቀድማችሁ ምከሯቸው።

ከተመለሱ በኋላ

እያንዳንዱ ቡድን ለርዕሰ መምህሩ አንድ ሐሳብ ብቻ ያቅርብ፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ የተጻፈበት። "ውሃ እንቆጥብ" የሚል ፖስተር ሐሳብ አይደለም። "ስድስት ቧንቧ ጎሚኒ ይቀየርለት፣ በየሳምንቱ ሰኞ እኛ እናያለን" ሐሳብ ነው። ርዕሰ መምህሩ እምቢ ካሉም ምክንያታቸውን ይንገሯቸው። ልጆቹ አስተካክለው እንደገና ይምጡ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በዚያው ዘዴ ደግመው ይለኩና ውጤቱን ይላላኩ፣ ቢብስም። በተለይ ቢብስ፤ ያልሠራውን ነገር መርምሮ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው። መዝገቡን፣ ሚዛኑንና የአጋሮቹን አድራሻ ተመራቂዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ከታች ላሉት ክፍሎች ያስረክቡ፣ አብረዋቸውም አንድ ዙር ይለኩ። የመጨረሻውን ስብሰባ ደግሞ የሚቀጥለውን የልኬት ሳምንት ቀን ሳትቆርጡ አትዝጉ።