እውነት ይዘው የሚሸነፉ፦ በአሳይለም ኬዝ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነኝ። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አሳይለም (ጥገኝነት) የሚጠይቁ የአገሬ ልጆች ናቸው። እንቅልፍ የሚነሱኝ የደረሰባቸው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ በቀንና በቃል ስህተት ኬዛቸው የሚበላሽባቸው ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዘመን አቆጣጠር ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ኢንተርቪው ደርሶት፣ ያኔ ሌላ ሰው የሞላለትን ፎርም ይዞ መጣ። ከእስር የተፈታበት ወረቀት ላይ ቀኑ 12/11/2010 ይላል። ሐምሌ 12 ማለት ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 19፣ 2018። ፎርም የሞላለት ሰው ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ወሩን እንዳለ ተወው። በእኛ 11ኛው ወር ሐምሌ ነው፤ በፈረንጅ ግን ኖቬምበር። ልጁ አሜሪካ የገባው በሴፕቴምበር 2018 ነው። እንግዲህ በፎርሙ መሠረት ከእስር የተፈታው አሜሪካ ከገባ ከሁለት ወር በኋላ ነው! ይህን ኦፊሰሩ ቀድሞ ቢያየው ኖሮ ምን ሊል ይችል እንደነበር አስቡት።

ስንቴ ልናገር? 8 መደመር ብቻውን አይበቃም። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ቀኑም ወሩም አብሮ ይቀየራል። ሰዓቱስ? «ሌሊት ስምንት ሰዓት መጥተው ወሰዱኝ» ያለ ሰው በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዓት ነው ያለው። አንዱ አስተርጓሚ ስምንት ብሎ፣ ሌላው ሁለት ብሎ ከተረጎመው ኦፊሰሩ ሁለቱንም ይጽፋል። በፈረንጅ 2005 የወጣው ሪል አይዲ አክት የሚባለው ሕግ ደግሞ የኬዙን ዋና ፍሬ ነገር የማይነካ መጋጨት እንኳ ቃላችሁን ላለማመን ምክንያት እንዲሆን ይፈቅዳል። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጥሩት። መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ንገሩ፣ ከዚያ ከሚሞላላችሁ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ቀይሩት። ቀኑን የማታስታውሱ ከሆነም አትፍጠሩ። «ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ ቀኑን አላስታውስም» ማለት ነውር የለውም።

ቃላትም እንዲሁ ጉድ ይሠራሉ። አንድ ደንበኛዬ በዋስ ያስፈታትን ሰው «ወንድሜ» እያለች አጫወተችኝ። እኔም ወንድሟ ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙ ላይ ከተዘረዘሩት ወንድምና እህቶቿ መካከል ግን ሰውየው የለም። ኢንተርቪው ላይ ተጠየቀች፤ የአጎቷ ልጅ ነበር። የአንድ ቃል ነገር ያን ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል አስጨነቀው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ «የእናትሽ ልጅ ነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድም፣ እህት፣ አጎት የሚል ቃል ሲመጣ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

«አሰሩኝ» የሚለውም አለ። አንድ ልጅ እንዲህ ሲል አስተርጓሚው በገመድ እንደታሰረ አድርጎ ተረጎመው። ኦፊሰሩ «በምን አሰሩህ?» ሲል ልጁ ግራ ገብቶት «ጣቢያ» አለ። አስቡት፣ በዚያ ላይ እስሩን ማውራት ራሱ ያመዋል።

ዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት) ቢሮ ለሚደረግ የአሳይለም ኢንተርቪው ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አስተርጓሚ ይዞ የሚሄደው አመልካቹ ነው። እዚህ የተወለደ የእህታችሁን ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ልጁ እናቱን ያናግር ይሆናል፤ «ዋስትና»ን ግን አያውቃትም። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ያቀርባል፤ ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ። ራስ እየነቀነቃችሁ አትለፉ።

ኬዙ ያለፈለትን ሰው ታሪክ መዋስ ይቅር። ፎርም ሞይዎች «ኬዝህን ላሳምረው» ሲሏችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። እያወቁ በዋና ጉዳይ ላይ የሐሰት ማመልከቻ እንዳስገቡ ከተወሰነ ሕጉ ለዕድሜ ልክ በር ይዘጋል፤ ነገ ዜጋ ብታገቡ እንኳ ግሪን ካርዱ አይገኝም። ፎርም ሞይው ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ስሙን እንኳ ፎርሙ ላይ አያሰፍርም።

አንድ ዓመት። የአሳይለም ማመልከቻ አሜሪካ ለመጨረሻ ጊዜ በገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። «አገር ቤት ይረጋጋ እንደሆን ልይ» ብለው 14 ወር የቆዩ ብዙ አሉ። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን በእነሱ ተማምኖ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋምና ከአሁኑ እለምናችኋለሁ።

አድራሻ ስትቀይሩ ለፍርድ ቤቱ በ5 የሥራ ቀን፣ ለዩኤስሲአይኤስ በ10 ቀን አሳውቁ። አንዱ ለሌላው አይነግርም። ከዘመድ ቤዝመንት ወደ ጓደኛ ክፍል ስትዘዋወሩ የቀጠሮው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ከደረሰ፣ ዳኛው በሌላችሁበት ከአገር እንድትወጡ ሊያዝ ይችላል።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልንገራችሁ። ፎርሙ ልጆቻችሁን ሁሉ ጻፉ ሲል ሁሉንም ነው። አያት ጋ ያለውን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን፣ ባላችሁ የማያውቀውን። አንዲት እናት ስትመጣ ልጇ የስድስት ዓመት ነበረች፤ ደሴ ከአያቷ ጋር። የአሁኑ ባሏ እንዳያውቅ ብላ አልጻፈቻትም። ለእኔም አልነገረችኝም። አሳይለሙ ከተፈቀደ በኋላ ግን ልጅን ለማምጣት የሚቀርበው ማመልከቻ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ያኔ ቢሮዬ መጥታ እያለቀሰች ነገረችኝ። ጊዜው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ማመልከቻውን አስገባን፣ ቀጥሎ ለምን መጀመሪያ እንዳልተጻፈች የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። የዲኤንኤ ምርመራ፣ የአያቷ የምስክርነት ቃል፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ሁሉም ቀረበ። እናትየዋ ለባሏ ነገረችው። እሱም ከምርመራው ውጤት በፊት ለልጅቷ አልጋ ገዛላት። ልጅቷ ስትመጣ 12 ዓመት ሆኗት ነበር። እናቷን ያወቀቻት በስልክ ድምፅ ነው።