የቅሬ (እድር) እና የሰፈር ማህበር ብር በኦንላይን ስታሰባስቡ፣ ከየት ልጀምር ለምትሉ የደሴና ኮምቦልቻ ልጆች

ሰሞኑን ከሸዋ በርም ከሆጤም ልጆች እየደወሉ «ለሰፈራችን አቅመ ደካሞች ብር ልናሰባስብ ነው፣ የትኛው አፕ ይሻላል» ይሉኛል። አፑ ቀላሉ ነገር ነው፣ ቅድሚያ አካውንቱን አስተካክሉ።

በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ። ልጁ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን የቤቱ ወጪና የማህበሩ ብር ከተቀላቀለ ሀሜቱ አይቀርለትም። ቅሬ ከሆናችሁ መተዳደሪያ ደንባችሁንና ማህተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ባንክ ሂዱና ምን እንደሚጎድል ጠይቁ፣ ሶስት ሰው በጣምራ ፈርሞ የሚያወጣበት ይሁን። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርን አይመለከትም፣ ስለዚህ ለቅሬ ብላችሁ አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተቱ። በጎ አድራጎት ድርጅት እንሁን ካላችሁ ግን ምዝገባው ግድ ነው፣ ስራችሁ እዚሁ ክልል ብቻ ከሆነ በክልሉ፣ ከዛ ካለፈ በፌደራል።

ቀጥሎ ቴሌግራም ቻናል። ዌብሳይት ካላሰራን የምትሉ አላችሁ፣ ተዉት አቦ፣ የሆስቲንጉ ብር የስንት ልጅ ደብተር ይገዛል። አድሚን ቢያንስ ሁለት ሰው ይሁን፣ ሁሉም ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኤስኤምኤስ ኮዱ በላይ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ያብራ፣ አለዚያ ሲም ካርድ የሰረቀ ሌባ በቴሌግራማችሁ ገብቶ አካውንት ቁጥሩን ቀይሮ በስማችሁ ይለምንላችኋል። ሌላው ደግሞ አካውንት ቁጥሩን ፖስተር ላይ ብቻ አትጻፉት። የንግድ ባንክ አካውንት 13 ዲጂት ነው፣ ከፎቶ እያየ የሚጽፍ ሰው አንዷን ይስታል ወይ «በኋላ እልካለሁ» ብሎ በዛው ይቀራል። ቻናሉ ላይ በጽሁፍ አስቀምጡትና ቁጥሩን ሴሌክት አድርጋችሁ ከጽሁፍ ቅርጾቹ ውስጥ ሞኖስፔስ የሚለውን ምረጡ፣ ያኔ ሰው ነካ ሲያደርገው ራሱ ኮፒ ይሆናል። ከስሩ የአካውንቱን ስም ልክ ባንክ ላይ እንዳለው ጻፉ፣ ላኪው ሌላ ስም ካየ ይፈራል። ከዛ ፖስቱን ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጉት።

«እርዱን» ብቻ ማለት አይበቃም። «ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለ40 ተማሪ ደብተርና እስክርቢቶ እንገዛለን፣ ለአንድ ልጅ 600 ብር፣ እስከ ጳጉሜ 3» በሉ፣ ሰው 600 ብር ሲልክ አንድ ልጅ እንደያዘ ይሰማዋል። የልጆቹን ፊት ግን አትለጥፉ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ጣት የሚቀሰርባቸው እነሱ ናቸው። የደብተሩ ክምርና የሱቁ ደረሰኝ ይበቃል።

ብር ገባ ሲባል ስክሪንሾት አትመኑ፣ ፎርጅዱ ሞልቷል። ከንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ (FT) የሚጀምረውን ሪፈረንስ ቁጥር ተቀበሉና ከስቴትመንታችሁ ጋር አስተያዩ። ከዛ ጉግል ሺት (የኦንላይን ሰንጠረዥ) ላይ ቀን፣ ስም፣ ብር፣ ሪፈረንስ፣ በሌላ ገጽ ደግሞ ወጪ፣ ሊንኩን ማየት ብቻ በሚፈቅድ አድርጋችሁ ቻናሉ ላይ ልቀቁ። ስሜ አይጠራ የሚለው ብዙ ነው፣ ሰደቃም ይሁን ምጽዋት ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ የሚፈልግ አለ፣ ለሱ «አንድ ወገን» ብላችሁ ሙሉ፣ የሱንም ሪፈረንስ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ብቻ አውጡ።

ውጭ ላሉት ጎፈንድሚ የሚባል የኦንላይን መዋጮ ማሰባሰቢያ አለ፣ ግን ብሩን ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም፣ አሜሪካ ወይ ካናዳ ያለ የሰፈር ልጅ ከፍቶ እዛው ተቀብሎ ነው የሚልከው። ብሩን ማን እንደሚያወጣና በምን እንደሚልክ የመዋጮው ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አሜሪካ ላይ ከየልገሳው 2.9 ፐርሰንትና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፣ ከ5 ዶላር ላይ ወደ 45 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ትንንሹን እርስ በርስ አዋጥተው አንድ ላይ ቢሰጡ ይሻላል። ሲላክ በባንክ ይሁን፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሆነ ድሮ በጥቁር ገበያ የሚያስልከው ሰበብ ቀንሷል፣ በሰው እጅ የመጣ ብር ደግሞ ሺቱ ላይ የሚሞላ ሪፈረንስ የለውም።

ሶፍትዌር በቅናሽ የሚሰጠው ቴክሱፕ የተመዘገበ ድርጅት ነው የሚፈልገው፣ ለእናንተ ለአሁኑ ፖስተር የሚሰራው ነጻው ካንቫና የጉግል 15 ጊጋ ፋይል ማስቀመጫ ይበቃችኋል።

የተረፈ ብር ምን እንደሚሆን ገና ስትጀምሩ ጻፉት። 40 ልጅ ብላችሁ ለ55 የሚሆን ቢገባ «ትርፉ ለቦርሳ» ወይ «ለቀጣዩ ዓመት» ተብሎ ከፒኑ ስር ይቀመጥ፣ ብሩ ከገባ በኋላ ስለ ትርፍ የሚደረግ ስብሰባ ማጣያ ነው።