በፓክስ 8 አንቲቦዲ ሕብረ ሕዋስ ሲቀለም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጅማ ለድኅረ ምረቃ ጥናታቸው የእንቅርት ወይም የኩላሊት ናሙና ይዘው ወደ ላቦራቶሪ የሚመጡ ተማሪዎች ፓክስ 8 የተባለውን ፕሮቲን በስላይድ ላይ ማየት ይፈልጋሉ። ምርጫቸው ተገቢ ነው። ፓክስ 8 በፅንስ ጊዜ ታይሮይድ ዕጢ፣ ኩላሊትና የማሕፀን ቱቦ እንዲፈጠሩ ሌሎች ዘረ መሎችን የሚያዝ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ሲሆን፣ ሰው ካደገም በኋላ በእነዚሁ አካላት ሕዋሳት ኒውክሊየስ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ዘረ መል ላይ የሚደርስ ጉድለት ሕፃናት ታይሮይዳቸው በሚገባ ሳያድግ እንዲወለዱ ሊያደርግ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1998 ታውቋል። ሥራው የሚበላሸው ፕሮቲኑን ይዞ ያለበትን ቦታ በቡናማ ቀለም እንዲያሳይ የሚደረገው አንቲቦዲ ከተገዛ በኋላ ነው፤ የሚበላሸውም ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ፣ ያየሁትን ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት በጠርሙሱ ላይ «ፀረ ፓክስ 8» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እንደ ማረጋገጫ መቁጠር ነው። አንቲቦዲ ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ትንሽ ቅርጽ ብቻ ነው። የፓክስ ቤተሰብ በሰው ውስጥ 9 አባላት አሉት፤ ሁሉም በፕሮቲኑ መጀመሪያ አካባቢ ከዲኤንኤ ጋር የሚያያዝ፣ ርዝመቱ 128 ያህል አሚኖ አሲድ የሆነና እርስ በርሱ በጣም የሚመሳሰል ክፍል ይጋራሉ። አንቲቦዲ የሚገኘው እንስሳን በፕሮቲኑ በመከተብ ነውና፣ ጥንቸሏ የተከተበችው በዚህ ክፍል ከሆነ፣ የምትሰጠን አንቲቦዲ ፓክስ 8ን ከወንድሞቹ የመለየት ግዴታ የለበትም፤ ወንድማማቾችን ከጀርባ ብቻ ያየ ሰው ማን ማን እንደሆነ ሊነግረን እንደማይችለው ማለት ነው። ፓክስ 5 በቢ ሊምፎሳይቶች ውስጥ፣ ፓክስ 6 ደግሞ በቆሽት ውስጥ ሆርሞን በሚያመነጩት ደሴቶች ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ፣ እንዲህ ያለው አንቲቦዲ ሁለቱንም ቡናማ ሊያደርጋቸው ይችላል።

አንዲት ትጉህ ተማሪ ያመጣችውን ስላይድ አልረሳውም። ናሙናው ከእንቅርት የተወሰደ ነበር። ኮሎይዱን (በታይሮይድ ከረጢቶች ማለትም በፎሊክሎች ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ) የከበቡት የፎሊክል ሕዋሳት ኒውክሊየሶች ጥርት ባለ ቡናማ ቀለም ተደርድረዋል፤ በፎሊክሎቹ መካከል ተከማችተው የነበሩት ሊምፎሳይቶችም እንዲሁ ቡናማ ነበሩ። ተማሪዋ ፓክስ 8 በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ውስጥም እንደሚገኝ የሚገልጽ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፋ ጨርሳ ነበር። የአንቲቦዲውን መግለጫ አውጥተን ስናነብ ፖሊክሎናል (የፕሮቲኑን የተለያዩ ቦታዎች የሚይዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ) መሆኑንና የተዘጋጀውም በፕሮቲኑ የመጀመሪያ ክፍል መሆኑን አገኘን። ቀጣዩን ቁራጭ የፕሮቲኑን መጨረሻ ክፍል ብቻ በሚለይ ሞኖክሎናል (ከአንድ የሕዋስ ዘር ማለትም ክሎን የተገኘ፣ አንድ ቅርጽ ብቻ የሚይዝ) አንቲቦዲ ስናቀልመው ፎሊክሎቹ ቡናማ ሆነው ቀሩ፣ ሊምፎሳይቶቹ ግን ኒውክሊየስን በሚያቀልመው በሄማቶክሲሊን ሰማያዊ ሆኑ። የወራት ልፋት በአንድ ስላይድ ፈረሰ። በጣም ያዘንኩት መልሱ መጀመሪያውኑ በመግለጫው ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንቲቦዲው በየትኛው የፕሮቲን ክፍል እንደተዘጋጀ አንብቡ፤ ካልተጻፈ አትግዙ። ከገዛችሁም በኋላ የራሳችሁን ናሙና ከመንካታችሁ በፊት ታይሮይድ፣ ኩላሊትና ቶንሲል በአንድ ላይ አቅልሙ። የቶንሲሉ ጀርሚናል ሴንተር (ቢ ሊምፎሳይቶች የሚበዙበት ክፍል) ቡናማ ከሆነ አንቲቦዲው ፓክስ 5ን እየያዘ ሊሆን ይችላልና እዚያው ቁሙ። አንቲቦዲውን ከተዘጋጀበት ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር ቀላቅሎ ቀለሙ መጥፋቱን ማሳየት ለዚህ በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ፔፕታይዱ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም መያያዝ አብሮ ያጠፋዋልና። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ የአንቲቦዲ ማረጋገጫ ቡድን ካቀረባቸው አምስት መንገዶች ውስጥ በእኛ አቅም በቀላሉ የሚሠራው በተለያየ የፕሮቲን ክፍል የተዘጋጁ ሁለት አንቲቦዲዎችን ማወዳደር ነው።

በዌስተርን ብሎት (ከሕብረ ሕዋስ የወጣ ፕሮቲን በስስ ሽፋን ላይ በሚመረመርበት ዘዴ) የሠራ አንቲቦዲ በፓራፊን ሰም በተያዘ የሕብረ ሕዋስ ቁራጭ ላይ ይሠራል ብሎ መገመትም ስህተት ነው፤ በብሎት ላይ ፕሮቲኑ ተዘርግቶ ነው የሚቀርበው፣ በቁራጩ ላይ ግን ሕብረ ሕዋሱ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን አስሮታል።

ፎርማሊንን ካነሳን ደግሞ፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣን እንቅርት እንዳለ በጠባብ ማሰሮ ውስጥ መክተት የብዙ ጥናቶች መጥፊያ ነው። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይገባል፤ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥርም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ውጤቱ ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ባዶ የሆነ ስላይድ ነው፤ ጀማሪውም ይህንን በዕጢው ዳርና መሐል መካከል ያለ የተፈጥሮ ልዩነት አድርጎ ይተረጉመዋል። ናሙናው ከ4 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይከተፍ፤ ባፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ውሁድ) ያለው 10 በመቶ ፎርማሊን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ዓርብ ከሰዓት ገብቶ ለሳምንታት የተረሳ ናሙናም ከዚህ የተሻለ አይደለም።

በጅማ ለሚሠራ ሰው ለብቻው ሊነገረው የሚገባ ነገር የውኃ መፍያ ነጥብ ነው። ፎርማሊን ያሰረውን አንቲጅን (አንቲቦዲው የሚይዘውን ፕሮቲን) በሙቀት መልሶ መግለጥ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1991 ከታወቀ ወዲህ፣ አብዛኞቹ መመሪያዎች ስላይዱ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ባፈር ውስጥ ለ20 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛሉ። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ 98 እስኪደርስ እየጠበቁ ባፈሩ ተኖ እስኪያልቅና ቁራጩ እስኪደርቅ የቆሙ ተማሪዎችን አይቻለሁ፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለው የቀየሩም አሉ። ክፍት ዕቃ ከመጠቀም ይልቅ በፕሬዠር ኩከር ሥሩ፤ ሙቀቱ ያለ ችግር ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ፕሬዠር ኩከር ከሌለ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ አራዝሙ፤ የሚተነውንም በፈላ ባፈር ተኩ። ለኒውክሊየስ ፕሮቲኖች ብዙውን ጊዜ ፒኤች 9 የሆነው የትሪስ ኢዲቲኤ ባፈር ከሲትሬት ባፈር ይሻላል፤ ሆኖም ሁለቱንም ሞክራችሁ ወስኑ። ከሙቀቱ በኋላም ስላይዱ በዚያው ባፈር ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ እንጂ ትኩስ እንዳለ ተመንጭቆ አይውጣ።

አንቲቦዲውን በመግለጫው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ አቅጥኖ መሥራት አያዋጣም፤ ከ1 ለ50 ጀምራችሁ በእጥፍ እያቀጠናችሁ እስከ 1 ለ800 ድረስ ሞክሩ፤ ከዚያም ኒውክሊየሱ ጎልቶ ዙሪያው ንጹሕ የሚሆንበትን ምረጡ።

አንቲቦዲን ደጋግሞ በረዶ ማድረግና ማቅለጥ ይገድለዋል። በረዶ እንዲሆን የተፈቀደ ከሆነ እንደደረሰ በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍሉት፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የፍሪጁ በር አይከፈት። እንዳይበላሽ ሶዲየም አዛይድ መጨመር ለአንቲቦዲው ክምችት ጥሩ ቢሆንም፣ ቡናማውን ቀለም የሚያወጣው ኢንዛይም ፐርኦክሲዴዝ በተያያዘበት ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን በሚይዘው) ወይም በማጠቢያው ባፈር ውስጥ ከገባ ኢንዛይሙን ስለሚያግደው ቀለም አይወጣም።

በንባብ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለን ቡናማ ቀለም «ደካማ ፖዘቲቭ» ብሎ መመዝገብ ነው። ፓክስ 8 ሥራው ኒውክሊየስ ውስጥ ነው። ኒውክሊየሱ ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያው ከቀለመ ውጤቱ ኔጋቲቭ ነው፤ በተለይ ባዮቲንና ፐርኦክሲዴዝ በተፈጥሮው በሚበዛበት በኩላሊት ላይ እንዲህ ያለ ቀለም ብዙ ጊዜ ይታያል። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልተጨመረበት ስላይድ በእያንዳንዱ ዙር አብሮ ካልተቀለመ ይህን መለየት አይቻልም።

በጽሑፋችሁ የዘዴ ክፍል ውስጥ የአንቲቦዲውን አምራች፣ የካታሎግ ቁጥር፣ ክሎን፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር፣ የተቀጠነበትን መጠንና አንቲጅኑ የተገለጠበትን ባፈር ከነፒኤቹ ጻፉ። ፖሊክሎናል ከሆነ ሎት በተቀየረ ቁጥር የቶንሲሉን ሙከራ እንደገና ሥሩ፤ አዲሱ ሎት ከሌላ ጥንቸል የመጣ ሊሆን ይችላልና።